ዓይን አፋሩን ፋየርፊሽ በደሴ ቤት ውስጥ ማላመድ

ፋየርፊሽ የሚባለው የኮራል ዓለት ዓሣ በተፈጥሮው ከጉድጓዱ ርቆ የማይሄድ ፍጡር ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኔማቴሌዮትሪስ ማግኒፊካ ሲሆን፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ አንሥቶ እስከ ሃዋይ ደሴቶች ድረስ ባለው ሞቃት ባሕር ውስጥ፣ አሸዋና ስብርባሪ ኮራል በተቀላቀለበት የዓለት ግርጌ ይኖራል። ርዝመቱ ከ9 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። የፊተኛው አካሉ ነጣ ያለ ነው፤ ወደ ጅራቱ በተጠጋ ቁጥር ግን ወደ ብርቱካንማና ወደ ደማቅ ቀይ ይለወጣል። በጀርባው ላይ ያለው የፊተኛው ክንፍ ቀጭንና ረጅም ሆኖ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ዓሣውም ይህን ክንፍ ደጋግሞ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ቀኑን ከጉድጓዱ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ውሃው ፍሰት አዙሮ፣ ፍሰቱ የሚያመጣለትን ጥቃቅን ነፍሳት እየለቀመ ይውላል፤ ጥላ ባየ ጊዜ ደግሞ በቅጽበት ወደ ጉድጓዱ ይወረወራል።

ስለዚህ አዲስ የገባ ፋየርፊሽ ለቀናት ተደብቆ ሲቀር ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር፣ ማለትም ዓሣው እንዲታይ ብሎ ድንጋዩን መቀነስ፣ መብራቱን ማድመቅና መስተዋቱን ቆርቆር ማድረግ፣ ችግሩን የሚያባብስ ነው። ደጋግሞ የሚወጣው መሸሸጊያ የበዛለት ዓሣ ነው፤ ቢደነግጥ የሚገባበት ቀዳዳ በቅርቡ መኖሩን ካላወቀ ደፍሮ አይወጣም። ከዚህ በታች ያለው ምክር በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ይሁን እንጂ በደሴና በኮምቦልቻ ከመሸሸጊያው አስቀድሞ መስተካከል ያለባቸው የውሃ፣ የአየርና የሙቀት ጉዳዮች ስላሉ ከእነርሱ እንጀምራለን።

ውሃው፣ አየሩና ሙቀቱ

ገበያችን ላይ እንደ ልብ የሚገኘው የአፍዴራ ጨው ለገንዳው አይሆንም። የባሕር ውሃ ከያዘው ጨው ውስጥ 85 በመቶ ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ መሆኑ እውነት ነው፤ የቀረው ግን ማግኒዥየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ባይካርቦኔት ነው፤ ዓሣውም ሆነ በድንጋዩ ላይ የሚኖሩት ሕያዋን ያለ እነዚህ አይዘልቁም። በመሆኑም ለባሕር አኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀውን ጨው መግዛት ግዴታ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ35 እስከ 38 ግራም ያህል ተጨምሮ፣ በፓምፕ እየተናጠ ካደረ በኋላ ሪፍራክቶሜትር በሚባለው የጨው መለኪያ ሲለካ፣ ክብደቱ ጨው ከሌለበት ውሃ ጋር ሲነጻጸር ከ1.023 እስከ 1.025 መሆን አለበት። ጨው የሚበጠበጥበት ውሃ በሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም በግፊት በስስ ሽፋን ውስጥ በማሳለፍ፣ የተጣራ ቢሆን ይመረጣል፤ የቧንቧ ውሃ ብቻ ካለ ደግሞ ክሎሪኑን የሚያጠፋ መድኃኒት ሊጨመርበት ይገባል። በክረምት የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ለደሴ ሰው ቀላል ቢሆንም፣ ከቆርቆሮ ጣራ የወረደ ውሃ ዚንክ ይዞ ስለሚመጣ ለዚህ ሥራ መጠቀም አይገባም። ከገንዳው የሚተንነው ውሃ ጨውን ወደኋላ ትቶ ስለሚሄድ፣ የጎደለው መተካት ያለበት ጨው በሌለበት በተጣራ ውሃ ነው፤ በበጋ አየሩ ደረቅ በሚሆንበት ወቅት ይህን በየቀኑ ማድረግ ያስፈልጋል።

ለአንድ ፋየርፊሽ 80 ሊትር የሚይዝ ገንዳ እንደ ዝቅተኛ መጠን ይቆጠራል። ዓሣው ከመገዛቱ በፊት ገንዳው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባዶውን ሠርቶ፣ ከቆሻሻ የሚመነጨውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በማጣሪያው ላይ መራባት አለባቸው። በመመርመሪያ ኪት ሲታይ አሞኒያውና ናይትራይቱ ሁለቱም ዜሮ እስኪሆኑ ድረስ መታገሥ ነው። ሌላ ጠንካራ ዓሣ አስቀድሞ በማስገባት ገንዳውን ለመፈተን የሚደረገው ልማድ ለዚያም ዓሣ ጭካኔ ነው፤ በኋላ ለሚመጣው ዓይን አፋርም ባለርስት የሆነ ጎረቤት ያቆይለታል።

በእኛ አካባቢ ከሁሉ በላይ የሚረሳው የአየር ጉዳይ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1850 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከፍታው በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ ሙቀት የባሕር ውሃ በባሕር ዳርቻ ላይ ሲሆን በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ ያው ውሃ ደሴ ላይ ሊይዝ የሚችለው ግን 5 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው። ይህ ማለት በባሕር ዳርቻ ከተሞች ላሉ አሳዳጊዎች የተጻፈው «ለዚህ ገንዳ ይህን ያህል ዓሣ» የሚል ምክር ለእኛ አይሠራም ማለት ነው። የዓሣውን ቁጥር መቀነስ፣ የውሃውን ገጽ የሚያናውጥ ፓምፕ ማድረግ፣ ሙቀቱንም ወደ 27 ከማስጠጋት ይልቅ 25 ላይ መያዝ ይበጃል፤ የሞቀ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከቀዘቀዘው ያነሰ ነውና።

ሙቀቱን 25 ዲግሪ ላይ ማቆየት በደሴ ብርድ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ቤት ውስጥ ያለው አየር ከገንዳው በ10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊያንስ ይችላል። አንድ ትልቅ ማሞቂያ ከመትከል ሁለት መካከለኛ ማሞቂያዎችን በገንዳው ግራና ቀኝ መትከል የተሻለ ነው፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው እስኪተካ ድረስ ያደርሳል፣ አንዱ ሳይጠፋ ቢቀር ደግሞ ብቻውን ውሃውን ቀቅሎ ዓሣውን አይገድልም። የ100 ሊትር ገንዳ በሁለት ባለ 100 ዋት ማሞቂያ በደሴ ሌሊት ሊይዝ ይችላል። የኮምቦልቻ ነዋሪ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ በግንቦትና በሰኔ ግን ቀን ላይ ውሃው እንዳይግል መከታተል የሚኖርበት እርሱ ነው።

መሸሸጊያውና የገንዳው ቦታ

ድንጋዩ የሚደረደረው አሸዋው ከመፍሰሱ በፊት፣ በቀጥታ በገንዳው ወለል ላይ ነው፤ አሸዋ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ሥሩ ሲቆፈር ሊናድ ይችላል። ቀዳዳ የበዛበት ደረቅ የኮራል ድንጋይ ወይም ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ሴራሚክ ይመረጣል። ከጦሳ ተራራ ግርጌ እንደ ልብ የሚገኘው ጥቁር ድንጋይ ቀዳዳ ስለሌለው ባክቴሪያውን በብዛት አያስተናግድም፤ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነቱን መለኪያ) ለመደገፍም አይረዳም። በድንጋዩ መካከል የጣት ውፍረት ያላቸው፣ አንዱ ከሌላው የሚለያዩ ቢያንስ አምስት ስድስት ዋሻዎች ይኑሩ። ከቧንቧ ሠራተኛ የተረፉ የፒቪሲ ቁራጮችን፣ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋትና 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸውን፣ በደንብ አጥቦ በድንጋዩ ግርጌ በስብርባሪ ውስጥ ግማሽ በግማሽ መቅበር ከሁሉ የረከሰውና ከሁሉ የሚወደደው ጉድጓድ ነው። ቢያንስ አንዱ ጉድጓድ አፉ መካከለኛ ፍሰት ወዳለበት ወገን ቢዞር፣ ዓሣው ከቤቱ ደጃፍ ሳይርቅ ምግቡን መልቀም ይችላል።

ገንዳው ክዳን ያስፈልገዋል። ፋየርፊሽ ሲደነግጥ ወደ ላይም ይዘልላል፤ የጣት ስፋት ያላት ክፍተት ትበቃዋለች፤ ይህ ዓሣ ብዙ ጊዜ ከሚሞትባቸው ምክንያቶች አንዱም ከገንዳው ዘልሎ መሬት ላይ መድረቅ ነው። መስተዋት መክደኛ ግን በእኛ ከፍታ የአየሩን ልውውጥ ስለሚያፍን አይመከርም። በእንጨት ወይም በአሉሚኒየም ፍሬም ላይ የተወጠረ የመስኮት ወንፊት ሁለቱንም ችግር ይፈታል፤ የፓምፑ ሽቦና የማጣሪያው ቱቦ የሚያልፉበት ቀዳዳም በዚያው ወንፊት ይደፈን።

ገንዳው የሚቀመጥበት ስፍራ ከበር፣ ከመተላለፊያና ከቴሌቪዥን የራቀ ይሁን። ሦስቱን ጎኖች በጥቁር ወረቀት መሸፈን፣ ዓሣው ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ሰው እንደሚመጣ እንዲያውቅ ያደርገዋል። ሌላም አለ፤ ቡና የሚፈላበት ክፍል ለዚህ ገንዳ አይሆንም። የአየር ፓምፕ የሚስበው ያንኑ የክፍሉን አየር ስለሆነ፣ የከሰሉ ጭስና የዕጣኑ ቅባት ያለበት ሽታ በቀጥታ ወደ ውሃው ይገባል፤ በር ተዘግቶ ብዙ ሰው በተቀመጠበት ክፍል የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድም የውሃውን ፒኤች ያወርዳል። ሳሎኑ አንድ ብቻ ከሆነ ፓምፑን ወደ ጓዳ ወስዶ በረጅም ቱቦ አየሩን ማምጣት፣ ወይም ቡናውን በረንዳ ላይ ማፍላት ነው። እንግዳ ፊት ዕጣን አታጭሱ ማለት የማይመስል መሆኑን ስለምናውቅ የመጀመሪያውን መንገድ እንመርጣለን።

ከአዲስ አበባ ደሴ

ዓሣው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህ መንገድ ለሰው የሚያምር፣ ለዓሣ ግን የሚከብድ ነው፤ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር ብርድ ካለፈ በኋላ በዚያው ቀን ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል፤ ከዚያም እንደገና በከሚሴና በኮምቦልቻ በኩል ወደ ደሴ ይወጣል። ስለዚህ ፌስታሉ ክዳን ባለው ወፍራም የፎም ሣጥን ውስጥ ሆኖ፣ በጋዜጣ ወይም በጨርቅ ተጠቅጥቆ እንዳይንቀሳቀስ ይደረግ። በጣርማ በር ከፍታ ላይ የውጪው ግፊት ስለሚቀንስ በፌስታሉ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይነፋል፤ ስለዚህ ሻጩ ፌስታሉን እስኪወጠር ድረስ እንዳይሞላው፣ ድርብ ፌስታልም እንዲጠቀም ይንገሩት። ሣጥኑን በመኪናው ጣራ ላይም ሆነ ከሞተሩ አጠገብ አያስቀምጡ። እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ማምጣት የሚቻል ከሆነ ዋጋው ይጨምራል እንጂ ለዓሣው ያለ ጥርጥር ይሻላል። ዓሣው ከመጫኑ በፊት አንድ ቀን ሳይመገብ ቢውል በጉዞው ላይ ውሃውን የሚያቆሽሸው ነገር ይቀንሳል።

ስለ አቀባበሉ ብዙ ቦታ የሚነገረው ምክር፣ ዓሣውን በፌስታሉ ውሃ ውስጥ እንዳለ የገንዳውን ውሃ ለረጅም ሰዓት ጠብ ጠብ እያደረጉ ማላመድ ነው። ከሰፈር ሱቅ ለተገዛ ዓሣ ይህ ጥሩ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በተዘጋ ፌስታል ለቆየ ግን አደገኛ ነው። ምክንያቱም ዓሣው በተዘጋው ፌስታል ውስጥ ሲተነፍስ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የውሃውን ፒኤች ያወርዳል፤ ፒኤቹ ዝቅ በማለቱም የተጠራቀመው አሞኒያ እምብዛም ጉዳት በማያደርሰው በአሞኒየም መልክ ይቆያል። ፌስታሉ በተከፈተ ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ አሞኒየሙም ወደ መርዛማው አሞኒያ ይለወጣል፤ ዓሣው በዚህ ውሃ ውስጥ ሁለት ሰዓት «ሲላመድ» ስንጥቡ እየተቃጠለ ነው። የሚሻለው መንገድ ሻጩ የሚጠቀምበትን የጨው መጠን አስቀድሞ በስልክ ጠይቆ የማቆያ ገንዳውን፣ ማለትም አዲስ ዓሣ መጀመሪያ ለብቻው የሚቆይበትን ገንዳ፣ ውሃ በዚያው መጠን ማዘጋጀት ነው። ፌስታሉ ሳይከፈት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ሙቀቱ ሲስተካከል ይከፈትና፣ ዓሣው በትንሽ ኩባያ ተይዞ ወዲያውኑ ይዛወራል። የፌስታሉ ውሃ ወደ ገንዳው አይገባም። መረብ አይጠቀሙ፤ የጀርባ ክንፉ በመረብ ላይ ሲጠመድ ይሰነጠቃል።

የማቆያው ገንዳ 40 ሊትር ያህል የሚይዝ፣ ስፖንጅ ማጣሪያ፣ ማሞቂያ፣ ክዳንና ሁለት የፒቪሲ ቁራጭ ያለው ከሆነ ይበቃል። ዓሣው በዚህ አራት ሳምንት ይቆያል። በጨው ውሃ ዓሣ ላይ የሚወጣው የነጭ ነጥብ በሽታ ተውሳክ ከዓሣው ላይ ወርዶ በወለሉ ላይ ለሳምንታት መቆየት ስለሚችል፣ በዋናው ገንዳ ውስጥ አንዴ ከገባ ማስወጣቱ አድካሚ ነው። በማቆያው ሳለ የጨው መጠኑን በቀናት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ወደ ዋናው ገንዳ መጠን ማምጣት ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ዓሣው በገባበት ዕለት የገንዳው መብራት አይበራም፤ የክፍሉ መብራትም ቢደበዝዝ መልካም ነው። ቢደበቅ አይፈልጉት። በማግሥቱ መብራቱ ለጥቂት ሰዓት ብቻ፣ በዝቅተኛ ድምቀት ይበራ፤ ከዚያም በየቀኑ ጥቂት ይጨመርለት። በሌሊት ማየት የግድ ከሆነ በቀይ ወረቀት የተሸፈነ የእጅ ባትሪ ይጠቀሙ፤ የኮራል ዓሦች ቀይ ብርሃንን በደንብ ስለማያዩት ብዙም አይረበሹም። ምሽት ላይ ቀለሙ ደብዝዞ በጉድጓዱ ውስጥ ዘንበል ብሎ ቢታይ የታመመ አይምሰልዎ፤ ተኝቶ ነው።

አዲስ ፋየርፊሽ አንድ ሁለት ቀን አለመብላቱ የተለመደ ነው። የመጀመሪያው ምግብ የሚንቀሳቀስ ቢሆን ይመረጣል፤ በእኛ ሁኔታም ከሁሉ የሚመቸው በቤት የሚፈለፈል አርቴሚያ የተባለ ደቃቅ የጨው ውሃ ሽሪምፕ ነው። የአርቴሚያ እንቁላል ደርቆ በደንብ በተዘጋ ዕቃ ለብዙ ጊዜ ስለሚቀመጥ፣ መብራት ሲጠፋ ቀልጦ እንደሚበላሸው የበረዶ ምግብ አያሳስብም። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ25 እስከ 30 ግራም ጨው ይበጠበጣል፤ ለገንዳው አይሆንም ያልነው የአፍዴራ ጨው እዚህ ላይ ይሠራል፤ ከጫፍ ማንኪያ ያልበለጠ የመጋገሪያ ሶዳ ቢጨመርበት ደግሞ መፈልፈሉ ይሻሻላል። ውሃው በ25 እና በ28 ዲግሪ መካከል ሆኖ፣ ከሥር አየር እየተነፋበትና ብርሃን እየበራበት አንድ ቀን ከቆየ እንቁላሎቹ ይፈለፈላሉ። በደሴ ብርድ ጠርሙሱን በገንዳው ውስጥ አንሳፎ ማሞቅ ቀላሉ ዘዴ ነው። አየሩ ሲቆም ባዶው ቅርፊት ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ብርቱካንማ ቀለም ያላቸው ጫጩቶች ግን ወደ ብርሃኑ ይሰበሰባሉ፤ በቀጭን ቱቦ ተስበው፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጣርተው፣ በገንዳው ውሃ ይለቀለቃሉ።

አመጋገቡ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ምግቡን በዓሣው ፊት መድፋት አያስፈልግም፤ ያስደነግጠዋል። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ጫፉ ላይ ስስ ቱቦ ተደርጎበት፣ ከጉድጓዱ አንድ ክንድ ያህል ርቆ፣ ፍሰቱ ከሚመጣበት ወገን ምግቡ ጥቂት በጥቂት ይለቀቃል። መጀመሪያ ዐይኑና አፉ ብቻ ከጉድጓዱ ብቅ ይላሉ፤ ከዚያ አንዷን ቅንጣት ቀለብ አድርጎ ወዲያው ይመለሳል፤ ይህ በተደጋገመ ቁጥር ከደጃፉ የሚርቅበት ርቀት እየሰፋ ይሄዳል። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓትና በአንድ ሰው እጅ ቢሆን ይመረጣል። መብላቱን ካረጋገጡ በኋላ የበረዶ ማይሲስ (ሽሪምፕ መሰል ጥቃቅን ፍጡር)ና ደቃቅ የደረቀ ምግብ እየቀላቀሉ ማስለመድ ይቻላል። ልጆች ገንዳውን እንዳይነኩ መከልከል ብቻ አይበቃም፤ ምግብ በሚሰጥበት ሰዓት ዝቅ ብለው ተቀምጠው እንዲያዩ ቢደረግ ሥራውን ይማሩታል፣ ዓሣውም ይለምዳቸዋል።

ጎረቤት ካስፈለገው ፋየርፊሹ ቀድሞ ይግባ፣ ሌሎቹ ይከተሉ። ዳምሰልፊሽና ዶቲባክ የሚባሉት ዓሦች መጠናቸው ትንሽ ቢሆንም ያሳድዱታልና አብረው አይሁኑ። ሁለት ፋየርፊሽ በግምት ገዝቶ አንድ ላይ ማስገባትም አይገባም፤ በተፈጥሮ ጥንድ ሆነው ካልተገኙ አንዱ ሌላውን እያሳደደ ይጨርሰዋል። በአንጻሩ ሰላማዊና ደፋር የሆነ ዓሣ፣ ለምሳሌ ጥንድ ኦሴላሪስ ክላውንፊሽ፣ በግልጽ ሲዋኝ መታየቱ ለዓይን አፋሩ አደጋ አለመኖሩን ይነግረዋል። ቀድመው የገቡ ዓሦች ካሉ አዲሱ በተበሳ ግልጽ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ለጥቂት ቀናት በገንዳው ውስጥ ይቆይ፤ በሚለቀቅበት ዕለትም የድንጋዩ አሰላለፍ በከፊል ቢቀየር ነባሮቹ የያዙት ርስት ይፈርሳል።

መብራት ሲጠፋ

መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅኑ ነው እንጂ ሙቀቱ አይደለም፤ ከላይ በተገለጸው ምክንያት ደግሞ በደሴ ከሌላው ቦታ ፈጥኖ ያልቃል። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ፣ መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚነሣ የአየር ፓምፕ ከማንኛውም ጌጥ በፊት መገዛት ያለበት ዕቃ ነው። ጎኖቹን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ መጠቅለል ሙቀቱን ያቆያል፤ ላዩ ግን ክፍት ይሁን። መጥፋቱ ከረዘመ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በውሃው ላይ ማንሳፈፍ ይቻላል፤ ሙቀቱ በአንድ ጊዜ እንዳይዘል በየተራ አንድ አንድ ጠርሙስ ይግባ። መብራቱ እስኪመጣ ምግብ አይሰጥ።

መደበቅ ብቻውን የሕመም ምልክት አይደለም። የሚያሳስበው ከጉድጓዱ ወጥቶ በውሃው ገጽ አጠገብ አፉን እየከፈተ መቆየት፣ የስንጥቡ ክዳን በጣም ፈጥኖ መመላለስ፣ በክንፉ ላይ የጨው ቅንጣት የመሰለ ነጥብ መታየት፣ ወይም ሳምንት አልፎት ወደ ሕያው አርቴሚያ እንኳ አለመዞር ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲታይ መጀመሪያ ሙቀቱ፣ የጨው መጠኑና አሞኒያው ይለካ፤ አየሩ ይጨመር፤ ከውሃውም አንድ አምስተኛው በተመሳሳይ ሙቀትና የጨው መጠን በተዘጋጀ አዲስ ውሃ ይለወጥ። ነጥቡ ካለ ዓሣው ወደ ማቆያው ይመለስና በዚያ ይታከም፤ መድኃኒት በዋናው ገንዳ ውስጥ አይጨመር፤ የነጭ ነጥብ ማከሚያ የሆነው መዳብ ለኮራልና ለሽሪምፕ መርዝ ነው።

ዓሣው አንዱን ጉድጓድ መርጦ በየምሽቱ ወደዚያው ሲገባ ከታየ ለምዷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መስተዋቱ ሲጸዳም ሆነ አሸዋው ሲታጠብ ያ ጉድጓድ አይነካ፤ ድንጋይ ማንሣት የግድ ከሆነም ከሌላኛው ጫፍ ይጀመርና በአንድ ቀን ከአንድ ድንጋይ በላይ አይንቀሳቀስ።